በጎጃም የሚሠራ አርክቴክት ስለ ካርቦን ልቀት ምን ይማር? የአንድ ሴሚስተር ኮርስ ጉዳይ

መምህርት ከማርቆስ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣

ጎጃም ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ አርክቴክቸር አስተምራለሁ። በሚመጣው ሴሚስተር ለ4ኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ዘላቂ ሕንፃና ስለ ካርቦን ልቀት ቅነሳ የሚሰጠውን ኮርስ እንደ አዲስ አዘጋጅቼ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ያለኝ 16 ሳምንት፣ 38 ተማሪና አንድ ስቱዲዮ ነው። የወረስኩት የኮርስ ዝርዝር ብርድ ካለባቸው አገሮች መጻሕፍት የተቀዳ በመሆኑ ግማሹ ስለ ግድግዳ ሙቀት መከላከያ፣ ስለ ድርብ መስታወትና ስለ ማሞቂያ ፍጆታ ይናገራል፤ የቀረው ደግሞ የሕንፃን የኃይል ፍጆታ በኮምፒውተር ማስላትን ያስተምራል። ትምህርቱ በራሱ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም የሚሠራ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ መብራቱም የሚመጣው ከውኃ ነው።

ያሳሰበኝን ነገር በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። አምና ሰኔ ላይ አንዲት ጎበዝ ተማሪ ለባሕር ዳር የነደፈችውን ቤተ መጻሕፍት ለጁሪ አቀረበች። የንባብ አዳራሹ በሰሜን በኩል ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት ነው። ምክንያቱን ስትጠየቅ «የሰሜን ፊት ፀሐይ ስለማያገኘው ጥላ አያስፈልገውም» አለች፤ ከገምጋሚዎቹም የተቃወማት አልነበረም። መጽሐፉ እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ፤ የተጻፈው ግን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍበት አገር ነው። ጁሪው አልቆ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ደመናው ገለጥ ሲል ልጅቷን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁና እርሳሷን ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጋ እንድታቆመው ጠየቅኋት። ጥላው ሁለት ጣት ቢሆን ነው፤ የወደቀው ግን ወደ ደቡብ ነበር። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ 11.6 ዲግሪ ወደ ሰሜን የምትገኝ ከተማ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ ገደማ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ልጅቷ ጥላውን ዝም ብላ ስታየው ቆየችና «ይህንን እኮ ከብት ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል» አለች። ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። 16 ሳምንቱን በኃይል ፍጆታ ስሌት ላይ ላውለው ወይስ በግንባታ ቁሳቁስ ላይ? ቁሳቁስ ከሆነስ፣ አፈርና ቀርከሃ በእጁ ነክቶ የማያውቅን ተማሪ ማን ያስተምረው? ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ፈተናው ላይ የማይመጣ ነገር ተማሪው ልብ ብሎ አይከታተለውም። በሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ወደ ቢሮአችሁ የሚመጣው ጀማሪ አርክቴክት በዚህ ጉዳይ ምን ቢያውቅ ይጠቅማችኋል?

የሶሌታ ሰው

ጤና ይስጥልኝ መምህርት። በስትራክቸር መሐንዲስነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳር ነኝ። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ያለኝ መልስ «ቁሳቁስ» የሚል ነው፤ ምክንያቱን ግን በቁጥር ማሳየት ይሻላል።

100 ካሬ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) እንውሰድ። አርማታው 15 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በሥራ ዝርዝሮቻችን ላይ እንደ ጸሎት የምንደግመው «ሲ-25፣ በሜትር ኪዩብ ከ360 ኪሎ ግራም ያላነሰ ሲሚንቶ» የሚለውን ነውና፣ ሲሚንቶው 5,400 ኪሎ ወይም 54 ኩንታል ነው። ኦፒሲ (ተራው የፖርትላንድ ሲሚንቶ) ከሆነ፣ አንድ ኪሎ ሲሚንቶ ተመርቶ እስኪወጣ 0.85 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ይለቀቃል ብንል፣ ከሲሚንቶው ብቻ 4.6 ቶን ገደማ እናገኛለን። ፌሮው በሜትር ኪዩብ 80 ኪሎ ቢሆን 1,200 ኪሎ ነው፤ ከማዕድን ቀልጦ የሚመጣ ብረት በኪሎ ወደ 2 ኪሎ ስለሚለቅ ሌላ 2.4 ቶን ይጨመራል። ድምሩ 7 ቶን ነው። ጠጠሩን፣ አሸዋውንና የጭነት መኪናውን ገና አልቆጠርንም።

አሁን ከመብራቱ ጋር እናስተያየው። በወር 200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ በዓመት 2,400 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። ኃይሉ ከጣና በለስም ይምጣ ከሕዳሴ ግድብ፣ ከውኃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ የግድቡ ግንባታ ጭምር ታስቦ በኪሎ ዋት ሰዓት 24 ግራም አካባቢ እንደሚለቅ ይገመታል፤ ስለዚህ የዓመቱ 58 ኪሎ ነው። ያ አንድ ሶሌታ ቤተሰቡ በ120 ዓመት ከሚጠቀመው መብራት ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። በከሰል ድንጋይ ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ አገር ግን ኪሎ ዋት ሰዓቱ ወደ 1 ኪሎ ስለሚጠጋ፣ ያው ቤተሰብ በሦስት ዓመት ውስጥ የሶሌታውን ያህል ይለቃል። የመጽሐፎቻችሁ ጸሐፊዎች ስለ ኃይል ፍጆታ አጥብቀው መጻፋቸው ለራሳቸው አገር ትክክል ነው፤ ሒሳቡ እኛ ዘንድ ሲመጣ ይገለበጣል።

የሲሚንቶው ነገር ደግሞ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ፣ ፋብሪካው ሁሉንም ኃይሉን ከግድብ ቢያገኝ እንኳ አይፈታም። የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ድረስ በሚግል እቶን ሲያልፍ ካርቦኑ የሚወጣው ከድንጋዩ ከራሱ ነው፤ ከጠቅላላው ልቀት 60 በመቶ ያህሉ ይህ ነው፤ የቀረው በአመዛኙ ከነዳጁ የሚመጣ ነው። መቀነስ የሚቻለው እንግዲህ ክሊንከሩን፣ ማለትም ከእቶኑ ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነውን ድንጋይ፣ በመቀነስ ነው። እኛ አገር የሚመረተው ፒፒሲ ከክሊንከሩ ከፊሉ ቀርቶ በምትኩ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ የሚፈጭበት ሲሚንቶ ስለሆነ ልቀቱ ከኦፒሲ በጉልህ ያነሰ ነው። ይሁንና ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህም ፎርምወርኩ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ቶሎ አይፈታም፣ ተቋራጩም ይቸኩላል። ሳልደብቅ ልናገር፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ለመሠረትም፣ ለግራውንድ ቢምም፣ ለሁሉም ኦፒሲ ስጽፍ የኖርኩት ከልማድ እንጂ ከስሌት ተነሥቼ አይደለም።

ለአርክቴክት ተማሪ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው አንድ ነገር ይመስለኛል። የሶሌታውን ውፍረት የሚወስነው እኔ አይደለሁም፤ የእናንተ እርሳስ ነው። ኮለኖቹን 6 ሜትር ተኩል አራርቃችሁ ስታመጡልኝ፣ ሶሌታው ይወፍራል፣ ቢሙ ይወርዳል፣ ፌሮው ይበዛል። 15 የነበረው ሶሌታ ስፓኑ (በኮለኖቹ መካከል ያለው ርቀት) አጥሮ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከአንድ ወለል ላይ ብቻ 3 ሜትር ኪዩብ አርማታ፣ ማለትም ወደ 11 ኩንታል የሚጠጋ ሲሚንቶ ይቀራል። በኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ የተለመደው፣ በተዘጋጁ ቢሞች መካከል ብሎኬት የሚደረደርበት የሶሌታ አሠራርም አርማታ ይቆጥባል፤ ተማሪዎቻችሁ ግን «የድሃ አሠራር» ብለው ሲንቁት ሰምቻለሁ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እያንዳንዱ ተማሪ 3ኛ ዓመት ላይ የነደፈውን ሕንፃ አውጥቶ ቴክ ኦፍ ሺት (ከሥዕሉ የተለካ የቁሳቁስ መጠን ዝርዝር) እንዲሠራና ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቶን ፌሮ እንደሚበላ በራሱ እጅ እንዲቆጥር አደርግ ነበር። ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ካልኩሌተር ይበቃል።

ዋልካ ያስተማረው

የሶሌታ ሰው ያቀረቡትን ስሌት በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ በአንድ ነጥብ ላይ ግን እለያለሁ። ባሕር ዳር ላይ 12 ዓመት በአርክቴክትነት ሠርቻለሁና፣ መብራት ከውኃ ስለሚመጣ የአገልግሎት ዘመኑ ልቀት ምንም አይደለም የሚለው ለሳሎንና ለመኝታ ቤት እንጂ ለሆቴልና ለቢሮ ሕንፃ አይሠራም። በአሉሚኒየምና በመስታወት የተጠቀለለ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ስለሚሆን ኤሲ የግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኤሲውን የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ያ አሉሚኒየም ራሱም ከማዕድን ሲመረት በኪሎ ከ10 ኪሎ በላይ የሚለቅ ነው። ስለዚህ የጥላውን ትምህርት አይጣሉት መምህርት፤ እንዲያውም በእርሳስ ያሳዩት ነገር ከሶፍትዌሩ የተሻለ ነው። ልክ ባለው የጣሪያ ሽፋን፣ በጠባብ የምዕራብ መስኮትና ነፋስ በሁለት በኩል በሚያሳልፍ ክፍል ባሕር ዳር ላይ ያለ ኤሲ መኖር ይቻላል፤ አባቶቻችንም ሲኖሩ ኖረዋል።

ወደ ቁሳቁሱ ልመለስ፤ እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር አለብኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ብቸና አካባቢ አንድ ደንበኛ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች አሠራኝ። ከተመረቅሁ ብዙም አልቆየሁም ነበርና፣ በአፈር ብሎክ እንሥራው ብዬ ደንበኛውን በስንት ልመና አሳመንኩት። መጭመቂያ ማሽን ተከራየን። አፈር ከሩቅ ማምጣት የካርቦን ሒሳቡን ያበላሻል ብዬ ከመሠረቱ የተቆፈረውን አፈር እንዳለ ወደ ማሽኑ አስገባሁት። ብሎኮቹ ሲወጡ ጫፋቸው ስለት፣ ፊታቸው የሚያብለጨልጭ፣ ዓይን የሚስቡ ነበሩ፤ ፎቶ አንሥቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስመጣ ከእያንዳንዱ ላይ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ። የግቢው ጠባቂ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ አንዱን ብሎክ አንሥተው አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ በዋልካ ቤት ይሠራል? በበጋ ማሳው ሲተረተር አላየህም?» አሉኝ። ያደግሁት ደጀን ነው። ሲተረተር አይቻለሁ፤ እግሬም ገብቶበት ያውቃል። አምስት ዓመት ስማር ግን ያ ያየሁት ነገር ከሙያዬ ጋር ግንኙነት እንዳለው የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ለአፈር ብሎክ በብዙ ቦታ የሚመከረው ድብልቅ 15 በመቶ ደቃቅ ጠጠር፣ 50 በመቶ አሸዋ፣ 15 በመቶ ደለልና 20 በመቶ ሸክላማ አፈር ሆኖ፣ በላዩ 5 በመቶ ሲሚንቶ የሚጨመርበት ነው። ዋልካ ከሸክላማው ክፍል የበዛበት ከመሆኑም በላይ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ዓይነት ስለሆነ፣ በአሸዋ ካልተበረዘ አይሆንም፤ ወደ አዊና ወደ ምዕራብ ጎጃም ያለው ቀይ አፈር ይሻላል። ይህንን ለማወቅ ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም። አፈሩን በግልጽ ብልቃጥ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጦ ማሳደር ብቻ ነው፤ ጠጠሩና አሸዋው ወዲያው ከሥር ይሰፍራል፣ ደለሉ ከላዩ ይከተላል፣ ሸክላማው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ጠዋት በማስመሪያ ይለካል። 38 ተማሪ ካለዎት፣ ከክረምት እረፍት ሲመለሱ እያንዳንዳቸው ከትውልድ ቀያቸው አንድ ከረጢት አፈር ይዘው እንዲመጡ ቢያደርጉ፣ በአንድ ሳምንት የጎጃምን የአፈር ካርታ ግድግዳችሁ ላይ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው ትምህርቴ ከፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው። አፈሩን አስተካክዬ ሁለተኛ ሥራ በሌላ ከተማ ስሞክር፣ ፈቃድ ሰጪው አካል «ይህን የምንመዝንበት መስፈርት የለንም» ብሎ አራት ወር አቆየኝና ደንበኛዬ ተሰላችቶ ወደ ብሎኬት ተመለሰ። ባለሙያዎቹን አልወቅስም፤ ለፊርማቸው የሚያስይዙት ነገር አላቀረብኩላቸውም። ስለዚህ ተማሪው አዲስ ቁሳቁስ ሲመርጥ፣ የጭነት ሙከራ ውጤት፣ የዝርዝር ሥዕልና የተሠራ ምሳሌ አያይዞ ፋይል ማዘጋጀትን አብሮ ይማር። የሕንፃ አዋጁ ሕንፃዎችን በምድብ ስለሚከፍል፣ ሥራው በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ ማወቅ ራሱ ግማሽ መንገድ ነው። ምሳሌ ለሚጠይቅ ሰው፣ አዲስ አበባ ሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተሠራች ባለ ሁለት ወለል ቤት አለች፤ የታችኛው ግድግዳዋ በተጠቀጠቀ አፈር፣ የላይኛው በአፈር ብሎክ ተሠርቶ፣ ወለሏን የሚሸከመው ፌሮ ሳይሆን ከስስ ጡብ የተሠራ ቅስት ነው። ተማሪዎችዎን አንድ ቀን ይውሰዱልኝ።

ከእንጅባራ

መምህርት፣ «ማን ያስተምረው?» ላሉት ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው የመጣሁት። እኔ ራሴ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግንባታ አስተምራለሁ።

የሚያስተምሩት ሰዎች በዙሪያችን ናቸው፤ ዲግሪ ስለሌላቸው ብቻ ከክፍል ውጪ ናቸው። በእኛ አካባቢ ቀርከሃ የሚሠሩ አባት ለተማሪዎቼ ያስተማሩትን ልንገርዎ። ቀርከሃው ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ አይቆረጥም፤ ዕድሜውን የሚያውቁት በቀለሙና በልጡ ላይ በሚወጣው ነጫጭ ሽበት ነው፤ ቀጥለው በቢላዋ ጀርባ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። በክረምት የተቆረጠ ስኳሩ ስለሚበዛ ነቀዝ ይበላዋል፤ በበጋ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ከሰነበተ ግን ይቆያል። በመጽሐፍ ያለው የቦራክስና የቦሪክ አሲድ ንክር ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሁለቱን አገናኝቶ ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው። የጭቃ ቤትም እንዲሁ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለብዙ ቀን ካልሰነበተ ይረግፋል፤ የሚፈርሰውም ሁልጊዜ ከታች ነው፣ ምክንያቱም ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ የሚረጨው እዚያ ላይ ነው፣ ምስጡም የሚገባው በዚያ ነው። ጉልበት ድረስ በድንጋይ ተገንብቶ፣ የጣሪያው ክፈፍ አንድ ሜትር ያህል ቢወጣለት ዕድሜው ብዙ ነው። የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነች፤ ለዘመናት ቆማለች።

ግን ሰዎቹን «እንግዳ ተናጋሪ» አድርጋችሁ አንድ ቀን ጠርታችሁ በሻይ አትሸኟቸው። ጁሪ ላይ ይቀመጡ፤ ነጥብ ይስጡ፤ አበል እንደ ማንኛውም ገምጋሚ ይከፈላቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እዚሁ ፋግታ ለኮማ ዙሪያ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ በአራትና በአምስት ዓመቱ ይቆርጠውና ከሰል ያደርገዋል። ገቢው ጥሩ ነው፤ መሬቱም ይጠቀማል። ዛፉ ከአየር የወሰደው ካርቦን ግን በምድጃ ላይ ተመልሶ አየር ይሆናል። ከዚያ እንጨት ጥቂቱ እንኳ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ ለበር፣ ለኮርኒስ ወይም ለጣሪያ ማገር ቢውል ካርቦኑ ቤቱ እስካለ ድረስ ይታሰራል። ይህንን ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አድርጋችሁ ስጡልኝ።

ስለ ንቀቱም እውነቱን እንናገር። እናቴ የሣር ክዳኑን አንሥታ ቆርቆሮ ያስከደነች ቀን በግ ታርዷል። «ጭቃ ይሻላል» ብዬ ብነግራት ትስቅብኛለች፤ መብቷም ነው። ጭቃውን ሳይሆን በጭቃ የተሠራ የሚያምር ቤት ማሳየት አለብን።

አምና የተመረቅሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ወጣት ባለሙያ እንደመሆኔ አጭር ነገር ልጨምር። ሥራ ስፈልግ በሰባት ቢሮዎች ቃለ መጠይቅ ተደርጎልኛል፤ ሁሉም የጠየቁኝ ስለ ሪቪት (የሥዕል ሶፍትዌር) እና ስለ ሬንደር (የሕንፃ ምስል ማሳመር) ነው፤ ስለ ካርቦን የጠየቀ አንድም የለም። የመውጫ ፈተናውንም ያለፍኩት የጥያቄ ስብስብ በማጥናት ነው። ነገር ግን ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ደንበኛው ወጪው በዛብኝ ብሎ ሲጮህ፣ ቴክ ኦፍ መሥራት የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ ዲዛይኑን እንድከልስ የተሰጠው ለእኔ ነው። ሲሚንቶ ስቀንስ ወጪውም ካርቦኑም አብሮ ይቀንሳል። መምህርት፣ ኮርሱን «ካርቦን» ብለው ከሚጠሩት «ወጪና ቁሳቁስ» ቢሉት ተማሪውም ደንበኛውም ይሰማዎታል ብዬ አስባለሁ።

መምህርት ከማርቆስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከመልሶቻችሁ ተነሥቼ እንዲህ ለማድረግ አስቤያለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ለቴክ ኦፍ ይሆናሉ፤ የሶሌታው ስሌት በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ቁጥሩንም አስቀድሜ አልነግራቸውም፣ ራሳቸው ይድረሱበት። አራተኛው ሳምንት ለጥላ ነው፤ የኃይል ፍጆታ ሶፍትዌሩን ለሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ፣ ግን የሚሠሩት በምዕራብ መስታወት ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ የአፈር ብልቃጦቹ፣ ከዚያም የብሎክ ሥራ ይመጣል። ብሎኮቹ እስኪጠነክሩ አራት ሳምንት ስለሚፈልጉ ከሴሚስተሩ አጋማሽ በፊት መጀመር ይኖርብኛል፤ ይህንን ዘንግቼው ቢሆን ኖሮ ፈተና ላይ እርጥብ ብሎክ ይዤ እቀርብ ነበር። የመጨረሻው ፕሮጀክት አንድ ነው፤ ባለ ሦስት ክፍል ትምህርት ቤት፣ በእያንዳንዱ ተማሪ የትውልድ ወረዳ፣ በዚያው ወረዳ አፈርና እንጨት፤ ከሥዕሉ ጋር የሲሚንቶ ኩንታሉ ይቀርባል። ከእንጅባራ የጻፉልን ባለሙያ እንዳሉት ሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጁሪ ላይ እንዲቀመጡ ጠይቄ ነበር፤ ትምህርት ክፍሉ ሐሳቡን አልተቃወመም፣ የአበሉ ጉዳይ ግን «ዲግሪ የሌለው ገምጋሚ» የሚል የክፍያ መደብ ስለሌለ ፋይናንስ ላይ ቆሟል። እየተሟገትኩ ነው።

የኮርሱን ስም በተመለከተ የአምና ተመራቂዋ ሐሳብ አሳስቦኛል። ካሪኩለሙ ላይ ያለውን ስም መቀየር አልችልም፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግን ሰሌዳው ላይ የምጽፈው የእሷን ነው።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ለብሎኮቹ ማያያዣ ሲሚንቶ ከመጠቀም ሌላ ምን አለ?

የሶሌታ ሰው

ኖራ አለ መምህርት። ኖራ የሚቃጠለው በ900 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ነዳጁ ያንሳል፤ ከድንጋዩ ሲወጣ ከነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ግድግዳው ላይ ሲጠነክር ብዙውን መልሶ ከአየር ይስባል። ለባለ አንድ ወለል ቤት የአፈር ብሎክ ግድግዳ ከአሸዋና ከቀይ አፈር ጋር የተደባለቀ ኖራ ይበቃል፤ ዝግ ብሎ ስለሚጠነክር ግን ግንበኛው በቀን ብዙ ረድፍ እንዳይቆልል ይንገሩት። ተማሪዎቹ ካላመኑ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝቅ ብሎ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ያሳዩአቸው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ የተሠራ ነው፣ ፌሮም የለበትም።

የቴክ ኦፍ ሺቱን ባዶ ቅጽ አዘጋጅቼ በውስጥ መልእክት ልኬልዎታለሁ። የፌሮው ዓምድ ላይ የ8 እና የ10 ሚሊ ሜትሩን ክብደት እንዳለ አስገብቼዋለሁ፤ የቀሩትን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉ።